ቂብላው በዚህ ነው

ዮጋ ያዘዘልኝ ደሴ ያለ ሐኪም ነው። ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየና «የወገብሽ ዲስክ ተንሸራቷል» አለ፤ ከዚያም የራስ ምታት ኪኒን እንደሚጽፍ ሰው ፊቱን ሳይለውጥ «ዮጋ ሥሪ» ብሎ አሰናበተኝ። የት፣ ከማን ጋር ብዬ ብጠይቀው «ስልክ ላይ ሞልቷል» አለኝ። እውነትም ሞልቷል። ወልድያ ተመልሼ ስከፍተው የመጀመሪያዋ አስተማሪ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ የተቀመጠች፣ በሕይወቷ ጄሪካን ተሸክማ የማታውቅ ሴት ሆና ተገኘች። ዓይኗን ጨፍና በለሆሳስ «የያዛችሁትን ሁሉ ልቀቁት» ትላለች። እኔ የያዝኩት ነገር አልነበረም። የያዘኝ ወገቤ ነው።

የሚያናድደው መሥራቱ ነው። ቢሮ ከመግባቴ በፊት እሷን እያየሁ እንደ ድመት ስጎብጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ውሻ መቀመጫዬን ወደ ሰማይ ሳቆም ከቆየሁ ቀኑን በእግሬ እውላለሁ። ከተውኩት ወገቤ ይቆልፍና ጫማዬን የሚያስርልኝ ሰው ያስፈልገኛል። ስለዚህ ሴትዮዋን እየሰደብኩም ቢሆን አዘወተርኩት። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሐምራዊ የላስቲክ ምንጣፍ ሳይቀር አስመጣሁ።

የምኖረው ግቢ ውስጥ በተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው ሙስሊም አሮጊት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው የሚሰግዱት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው፤ ግንባራቸው መሬት ከነካ ዘመን አልፎታል። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ የሆነ ጎረቤቴ ተከራይቶታል። የምን ባለሙያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ስብሰባ ላይ ሲናገር ግን ማይክሮፎን የሚነጥቀው አልነበረም።

ዮጋው ሲያልቅ ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ የምቆይበት አለ። አንድ ጠዋት እንደዚያ ሆኜ ሳለሁ እማማ ወንፊት ሊዋሱ ገቡ። ድምፃቸውን ሳያሰሙ ወጡ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት። በማግስቱ ቀድመው መጥተው ምንጣፌ ዳር ቆሙ።

«ልጄ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቂብላው በዚህ ነው።» በምርኩዛቸው ጫፍ በቆቦ መንገድ በኩል ያለውን ግድግዳ አሳዩኝ። ሙስሊም ሲሰግድ ወደ መካ ይዞራል፤ ከወልድያ መካ በቀጥታ በሰሜን ነው።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የወገብ ነው» አልኳቸው።

«ወገቡንም የሚሰጠው እሱ ነው» አሉና ምንጣፉን በምርኩዙ ገፋ ገፋ አድርገው አዞሩት።

ሦስቴ አራቴ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ክርስቲያን ነኝ አልኳቸው። «አውቃለሁ፣ ማንም አያስገድድሽም፣ በዝግታ ነው» እያሉ ፀጉሬን እንድሸፍን ነጠላ አመጡልኝ። እማማ አንድ ሐሳብ ጭንቅላታቸው ከገባ በመንግሥት አዋጅም አይወጣም። ተውኩት። ዲስኬ እንደሆነ አቅጣጫ አያውቅም፤ ወደ ሰሜን ዞርኩ ወደ ደቡብ ለሱ ያው ነው።

አባቴ በወጣትነቱ ከትግራይ መጥቶ ወልድያ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር። እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ፣ ትግርኛዬ ከሰላምታ የማያልፍ ሰው ነኝ። ከጦርነቱ በፊት የአባቴን አገር የሚያስታውስ አልነበረም። ጦርነቱ ሲመጣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ትዝ አለው።

የመድፉ ድምፅ በቆቦ በኩል ሲቀርብ ጎረቤቴ በየስብሰባው «አንድ እርምጃ አናፈገፍግም» ይል ነበር። ቃሉን ጠብቋል፤ አንድ እርምጃ እንኳ በእግሩ አልሄደም። ፍራሹን ሚኒባስ ላይ አስጭኖ ከግቢያችን ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። ከዚያ ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ በጉን እየጎተተ ወደ መርሳ በእግሩ ፈሰሰ። እኔ በዚያ ወገብ መርሳ እንደማልደርስ አውቄ ቀረሁ። እማማ በዚያ ጉልበት ሐራ ከተማ እንኳ እንደማይደርሱ አውቀው ቀሩ። ግቢው ለሁለታችን ሆነ።

የትግራይ ታጣቂዎች ከተማዋን በያዙባቸው ወራት መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። የባሕር ዳርቻዋ ሴት ከስልኬ ጋር አብራ ሞተች፤ እውነቱን ለመናገር ከዚያ ዘመን ያተረፍኩት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። እንቅስቃሴውን በቃሌ ስለማውቀው ቀጠልኩ። አንድ ቀን ለፍተሻ ከገቡት ታጣቂዎች አንዱ በትግርኛ የሆነ ነገር ጠየቀኝ፤ በአማርኛ መለስኩለት። የአባቴን አገር ስነግረው ደግሞ ከእግሬ እስከ ራሴ ገላምጦኝ ሐምራዊ ምንጣፌን ጠቅልሎ በብብቱ ያዘ። ለመኝታ ነው። በየትኛው ኮረብታ ላይ እንደተኛበት አላውቅም፤ የያዘውን ሁሉ እንዲለቅ የሚመክረው ግን አላገኘም።

ሲሚንቶው ቀዝቃዛ ነበር። እማማ ሄደው መስገጃቸውን አመጡልኝ፤ ጉልበታቸው ሳይታመም የሰገዱበትን፣ መሐሉ የሳሳውን። «እኔ ልታጠፍበት አልችልም፤ አንቺ ታጠፊበት» አሉኝ። ራሳቸው አነጠፉት፤ ወደ የት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

የመንግሥት ጦር ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላ ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ወፍሮ መጣ። እኛ ሽሮ ፍለጋ ስንዞር ከርመን፣ እሱ ስለ ወልድያ መከራ ለእኛ ይተርክልን ጀመር። ከዚያ ማን ከታጣቂዎቹ ጋር ቡና ጠጣ፣ ማን በር ከፈተላቸው እያለ ስም መልቀም ያዘ። በዚያ ሰሞን በአባታቸው አገር የተነሳ እየተወሰዱ የት እንደገቡ የማይታወቅ ሰዎች ነበሩ። ጎረቤቴ ጠዋት በመስኮቴ ሲያልፍ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ አይቻለሁ። ብተወው ወገቤ ይቆልፋል፤ ብቀጥል እሱ አለ። ቀጠልኩ።

አንድ ጠዋት ሁለት ሚሊሻዎች ይዞ መጣ። እሱ በሩ ላይ ቀረ፤ ወደ ውስጥ መግባት የሌሎች ሥራ ነው።

«በየጠዋቱ ወደ ሰሜን እየዞርሽ ትሰግጃለሽ ይባላል» አለ ረጅሙ ሚሊሻ። «ለማን ነው?»

«ዮጋ ነው። ስፖርት ነው፣ ለወገብ።»

«የማን ስፖርት?»

«የሕንዶች።»

«ሕንድ በሰሜን ነው እንዴ?»

መጽሐፍ ቅዱሴ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሱን አየ፣ መስገጃውን አየ፣ የአባቴን ስም መታወቂያዬ ላይ አየ። ሦስቱ ሊገጥሙለት አልቻሉም። ያልገጠመለት ሰው የሚያደርገውን አደረገ። «እስቲ አሳዪን» አለ።

ተንበረከክሁ። የሦስት ወንድ ዓይን ከኋላዬ ተሰልፎ ግንባሬን መስገጃው ላይ ደፋሁ። ብርድ ይሁን ፍርሃት ወገቤ ያን ጊዜ ቆለፈ። ቀና ልበል ብል እንቢ አለኝ። «በቃ፣ ተነሽ» ይላል ረጅሙ። አልነሳም። «ተነሽ እኮ ነው የምልሽ።»

የእማማ ምርኩዝ በሲሚንቶው ላይ ሲመጣ ሰማሁ።

«ሱጁድ ላይ ግንባሩን የደፋን ሰው ተነሽ አይሉም» አሉ። «ማን አስተማረህ?»

«እማማ፣ ይቺ እኮ ክርስቲያን ናት። ወደ ሰሜን...»

«ያዞርኳት እኔ ነኝ። ቂብላው በዚህ ነው። ወላሂ፣ በዚህ ቤት እየሰገደች ነው የኖረችው። በዚህ የምትወስዳት ከሆነ እኔንም ውሰደኝ፤ እኔም የምዞረው ወደዚያው ነው። ከዚያ መስጊድ ሂድና ያለውን ሁሉ ልቀም።»

እስካሁን ያልተናገረው አጭሩ ሚሊሻ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልክ ናቸው» አለ፤ «እኔም የምዞረው ወደዚሁ ነው።» ረጅሙ መታወቂያዬን አልጋው ላይ ጣል አደረገው። ሲወጡ ጎረቤቴ በሩ ላይ አልነበረም፤ ለማፈግፈግ መቼም ተወዳዳሪ አልነበረውም።

«ተነሽ እንግዲህ፣ ሄደዋል» አሉ እማማ።

«አልችልም። ወገቤ ቆልፎብኛል።»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ታዲያ» አሉ፣ «የወገብ ነው ስትዪኝ የነበረው እውነትሽን ኖሯል?»

«እውነቴን ነው፣ እማማ።»

«ወላሂ ብዬ ማልኩ እኮ።»

እሳቸው ከሞት ይልቅ የሐሰት መሐላ የሚፈሩ ሰው ናቸው። አፌ መስገጃው ላይ እንደተደፋ፣ ሰውን ሁሉ ስሰድብ ከከረምኩ በኋላ፣ ያለኝን አንድ እውነት ነገርኳቸው። ሚሊሻዎቹ ከኋላዬ ቆመው ሳለ ስለ እስትንፋሴም ስለ ወገቤም አላሰብኩም። እንዳይወስዱኝ፣ እዚያ መሬት ላይ፣ እግዚአብሔርን ስለምን ነበር። በልጅነቴ ከለመንኩት ወዲህ እንደዚያ ለምኜ አላውቅም።

«አልዋሹም» አልኳቸው። «ዛሬ ሰግጃለሁ።»

አሰቡበት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጥለው፣ የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን እየጎተቱ፣ በብብቴ ገብተው ያነሱኝ ጀመር።

«ውዱእ ሳታደርጊ ነዋ የሰገድሽው» አሉ እያቃሰቱ። «ነገ ታጥበሽ።»

በማግስቱ በሩን ስከፍት ማንቆርቆሪያ ይዘው ቆመው ነበር። ታጠብኩ።