ኤስኤስዲዬ ውስጥ የተገኘው ብሎን

የሰርግ ቪዲዮ አልከፈት ቢለኝ ዛሬ አዲሱን ኤስኤስዲዬን፣ ያን የፋይል ማከማቻ፣ በቢላዋ ፈልቅቄ አየሁት። በማስቲሽ የተጣበቀ ብሎንና አንዲት ሚጢጢ ፍላሽ!

ቆቦ ላይ ሰርግ እንደምቀርጽ ታውቃላችሁ። ለትንሿ ላፕቶፔ ኤስኤስዲ ልገዛ ስሄድ አጎቴ አብሮኝ ነበር። በግ ነጋዴ ነው፤ አንስቶ ክብደቱን ሳያይ ምንም አይገዛም።

ሻጩ ሁለት አቀረበ። አጎቴ በየተራ በመዳፉ መዘነና "ይሄ ቀላሉ ባዶ ነው፤ ከባዱን ውሰድ" አለኝ።

ያ ሌባ ደህናው ቀላሉ መሆኑን እያወቀ "አባባ ዕቃ ያውቃሉ!" ብሎ ከባዱን ጠቀለለልን።

ዛሬ ሄጄ ብሎኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩለት። ዓይኑን በጨው አጥቦ "አብሽር ወንድሜ፣ የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ" አይለኝም!

የሰርጉን ቪዲዮ ወደዚህ ኤስኤስዲ ገልብጬ ከካሜራው ላይ አጥፍቼዋለሁ፤ ሌላ ቅጂ የለኝም። ነገ ሙሽራዋ ፊልሟን ልትወስድ ከጎብዬ ትመጣለች። እናቷ ሲመርቋት የቀረጽኩት እዚያ ውስጥ ነበር። እናቷ ከሰርጉ ወዲህ አርፈዋል።

እናንተንም እንዲህ ያለ ሌባ በልቷችሁ ከሆነ እዚህ ጻፉ፤ እሱም ያነባል። እኔ ነገ ሙሽራዋን ይዤ ሱቁ እሄዳለሁ። "የመረጣችሁት እናንተ" የሚለውን ለእሷ ይንገራት።