ከእኔ ቀድሞ የደረሰው ወሬ

ከኤርፖርት ይዘው እስር ክፍሉ ሲያስገቡኝ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ በሚስማር የተሰቀሉትን ፌስታሎች ነው። የእያንዳንዱ እስረኛ ንብረት በአንድ ፌስታል። አስራ አንድ ቆጠርኩ። ከአውሮፕላን ከወረድኩ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም፤ ጆሮዬ ገና እንደተደፈነ ነበር።

በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ብርድ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

"ከየት መጣህ ልጄ?"

"ከአሜሪካ፣ ከሚኒያፖሊስ።"

"ሩቅ ነው?"

"ከአስራ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቀጥታ በረራ የለውም፤ ከነመቆያው አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል።"

"መምጣትህን ማን ያውቅ ነበር?"

"ባለቤቴና አበልጄ ብቻ።"

"ታዲያ ወሬህ እንዴት ቀደመህ?" አሉኝ።

ከሚኒያፖሊስ ጎን ባለችው ሴንት ፖል በተደረገ የተቃውሞ ሰልፍ ላይ ማይክ ይዤ ተናግሬያለሁ፤ ቪዲዮውን አይተው፣ ፓስፖርቴን ሲያዩ ለይተውኝ ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ከሰዓት በኋላ ለምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ሸሚዙ በደንብ ተተኩሷል። እኔ ሳልናገር ጉዞዬን እሱ ይተርክልኝ ጀመር።

"ከሚኒያፖሊስ ቺካጎ አንድ ሰዓት ተኩል። ቺካጎ በበረዶ ምክንያት ዘጠኝ ሰዓት ቆየህ። ከዚያ አስራ ሦስት ሰዓት በረራ። ልክ ነኝ?"

"ልክ ነዎት።" ይህን ያህል ማንም ሊያጣራው ይችላል።

"እግርህስ? እብጠቱ ጎደለልህ? ቺካጎ በካልሲ ስትዞር ነበር አሉ።"

ክው አልኩ።

የተሳፈርኩት ከዳብል ሺፍት፣ ከተከታታይ ሁለት ፈረቃ ሥራ፣ ወጥቼ ስለነበር እግሬ አብጦ ጫማ አልገባልህ ብሎኝ ነበር። ባለቤቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ከቺካጎ የደወልኩት ለአበልጄ ብቻ ነው፤ ለልጄ የክርስትና አባት። ከከተማው ዳር ከአፕል ቫሊ ድረስ መጥቶ በመኪናው ኤርፖርት ያደረሰኝ እሱ ነው። ሻንጣዬን እንኳ አላስነካኝም። በካልሲ እየሄድኩ መሆኔን ስነግረው ስቆ፣ "አይዞህ፣ አገርህ ስትገባ ይለቅሃል" ብሎኝ ነበር።

"ማነው ኤርፖርት ያደረሰህ?" አለ መርማሪው፣ ብዕሩን አንስቶ።

መልሱን እንደሚያውቅ አውቄያለሁ። የፈለገው ከእኔ አፍ እንዲወጣ ነው። የመጀመሪያው ስም ከወጣ ሌሎቹ ይከተላሉ።

"በባቡር ነው የሄድኩት።"

"በባቡር?"

"ከከተማው ኤርፖርት ድረስ የሚወስድ ባቡር አለ። ይጻፉልኝ።"

ፈገግ አለ። ግን ጻፈው። አንብቤ ፈረምኩ።

ከአራት ወር በኋላ ተፈትቼ ስመለስ ሚኒያፖሊስ ኤርፖርት ከባለቤቴና ከልጄ ጎን አበልጄም ቆሞ ነበር። አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። እንባው የውሸት አልነበረም፤ እስከ ዛሬ ያልገባኝም ይኸው ነው። ሻንጣዬን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ፣ "ተወው፣ ታክሲ እንይዛለን" አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ባለቤቴ ግን መንገዱን ሙሉ ስትጠይቀኝ ሄደች።

ልጄ አሁን ኮሌጅ ገብቷል። ልጄ የሚያውቀው ክርስትና ያነሳውን፣ መኪና መንዳት ያስተማረውን ሰው ነው፤ ያንን ልወስድበት አልፈለግኩም። በየበዓሉ ይደውልለታል። ሲበቃው "ዳድ፣ ሰይ ሃይ" ብሎ ስልኩን ያቀብለኛል። አበልጄን ደህንነቱን እጠይቀዋለሁ። እሱም ይጠይቀኛል። ከዚያ በኋላ አንደኛችን እስኪዘጋው ድረስ ሁለታችንም ዝም ብለን እንጠብቃለን።