የመምህር ዳልጮ ጉልበት

መምህር ዳልጮ በየቅዳሜው ከአርባ ምንጭ በብስክሌት ይነሳና ሐሬ ወንዝን ተሻግሮ፣ የላንቴን የሙዝ እርሻ አልፎ፣ ተራራው ላይ ኦቾሎ መንደር ወዳለው የእናቱ ቤት ይወጣል። ሜዳ ላይ የሚቀድመው የለም። ዳገቱ ሲጀምር ግን ጎረቤቱ ታምሩ የሚነዳውን የአይሱዙ ጭነት መኪና ካሶኒ በአንድ እጁ ይዞ እየተጎተተ ይወጣል፤ መንደሩ ሊታይ ሲል ለቆ ብቻውን እየነዳ ይገባል። ይህን ከታምሩ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ዳልጮም ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

እሁድ ዕለት በኦቾሎ ቤተ ክርስቲያን ፓስተሩ በወጣቶች ፊት አስነሱት። «በአርባ ስምንት ዓመቱ ያን ዳገት የሚወጣበት ጉልበት ከየት መጣ? እሱ ራሱ ይመስክርላችሁ» አሉ።

ዳልጮ እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተና «ከጌታ ነው» ብሎ ተቀመጠ።

ጉባኤው አሜን አለ። ከጎኑ የተቀመጠው ታምሩም አሜን አለ፤ አንገቱን ግን ደፍቶ ነበር፣ የዋሸው እሱ ይመስል።