ለአልበማችን ግጥም የሰጡት አባት

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ያለው ስቱዲዮ ከአንድ የቀለም ሱቅ በላይ የተከራየ ክፍል ነው። ድምፅ እንዳይገባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል፤ ባጃጆቹ ግን ጡሩንባቸውን ሲነፉ ለብርድ ልብስ ደንታ የላቸውም። የመጀመሪያ አልበማችንን የቀዳነው እዚያ ነው። እኔ ማሲንቆ እመታለሁ። የምታቀነቅነው የአምባሰል ልጅ ናት፤ ለዓመታት በየሰርጉ አብረን ዞረናል። እንደ እሷ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚከራከረኝ ካለ መጀመሪያ ሰርግ ላይ ሰምቷት ይምጣ።

እኛ ጋ ዘፋኝ ብቻዋን አትዘፍንም። አንድ ግጥም ስትጨርስ ጆሮዋን ዘንበል ታደርጋለች፤ ከዳሱ አንዱ አዲስ ግጥም ይሰጣታል፤ እሷም ተቀብላ በዜማ ትመልሰዋለች። ለእሷ ከሁሉ ቀድመው የሚሰጧት አባቷ ነበሩ። አራሽ ናቸው፤ ልጃቸው የምትዘፍንበትን ሰርግ ራቀ ብለው ቀርተው አያውቁም። ጉልበታቸው ከከዳቸው ወዲህ ግን ከቤት መውጣት ተዉ። አልበሙንም ያሰበችው ለእሳቸው ነው፤ ቤታቸው ተቀምጠው እንዲሰሟት።

ቀረጻው ተጀመረ። ግጥሙን ሁሉ በቃሏ ይዛዋለች። የመጀመሪያውን ዘፈን፣ የመጀመሪያውን ግጥም ጨረሰችና እንደ ልማዷ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ዝም አለች። ድምፅ ቀራጩ አቆመ። እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ዝም። እኔም ብሆን ማሲንቆዬን ዝቅ አድርጌ እጠብቅ ነበር፣ ብርድ ልብሱ ግጥም የሚሰጠን ይመስል። በግድ ስትቀጥል ደግሞ የሚወጣው ድምፅ የሷ አይደለም፤ ዜና የምታነብ ሴት ትመስላለች። ብዙ ለፋን። በመጨረሻ ማዳመጫውን አውልቃ ይቅርብኝ አለች።

አባቷ ይህን ሲሰሙ በሰው ተደግፈው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው ከች አሉ። ቀራጩ ወንበር ሰጥቷቸው ትንፍሽ እንዳይሉ በትሕትና ለመናቸው። እሺ አሉ። እሷ ዘፈነች፤ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። እሳቸው ይህን አይተው እንዴት ይቻላቸው? ጉሮሯቸውን በሳል ጠረጉና፣

«አብሽሪ ልጄ፣ ተቀበይኝ» አሉ።

«ያምባሰል ንፋስ ሆይ፣ ቀስ ብለህ ንፈስ፣
የልጄ ዜማዋ ከደጄ እስኪደርስ።»

ቀራጩ ሊያስቆም እጁን አንስቶ ነበር፤ እጁ እዚያው አየር ላይ ቀረ። እሷ ግጥሙን ስትቀበል ያ የማውቀው ድምፅ ተመለሰ፤ እያለቀስኩ መታሁ፣ አላፍርም። ከዚያ ወዲያ ሥራው ሄደልን። ኋላ ቀራጩ የሽማግሌውን ድምፅና ሳላቸውን ልቁረጠው ቢል፣ «የአባቴ ድምፅ ከወጣ የኔም ይውጣ» አለችው። ሳይቆረጥ ቀረ።

አባቷ አልበሙን ጎረቤት እየጠሩ ሲያሰሙ ከርመው ወደ አኼራ ሄዱ። እሷም ያን ዘፈን ተወችው፤ እኔም አልጠየቅኳት።

በቅርቡ ሐይቅ ዳር በነበረ ሰርግ ላይ ግን ሙሽራዋ ለመነቻት፤ ሙሽራ እምቢ አይባልም። ዘፈነች። የመጀመሪያውን ግጥም ጨረሰችና ሳታስበው ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። ክው አልኩ፤ የሚሰጣት የለም።

ዳሱ ሙሉ ሰው አንድ ላይ አሳለ። ከአልበሙ የለመዱት ነው፤ ሳሉን እንኳ አላስቀሩም።

«አብሽሪ ልጄ፣ ተቀበይኝ» አሏት፤ የአባቷን ግጥምም እስከ መጨረሻው ሰጧት።

ተቀበለች።