ምርኩዝ የሚያስጥለው ቅራሪ

በአርብ ገበያ ከተማ ሐረገ ወይንን የማያውቅ ካለ ወይ ከሩቅ የመጣ ነው፣ ወይ ጠላ አይጠጣም። ምላሷ እንደ ምላጭ የሰላ፣ ጠጪውን በጣሳም በግጥምም የምታስተናግድ ሴት ናት። የምትኮራው ግን በጠላዋ አልነበረም፤ በቅራሪዋ ነበር። ሌላዋ ሴት ድፍድፉ ላይ ደግማ ውሃ ስትጨምር የሚወጣላት ለልጅ የሚሆን ቀጭን ነገር ነው። የሐረግ ግን ሌላ ነው፦

የሐረግ ቅራሪን አዛውንት ቢቀምሰው፣
ምርኩዙን ጥሎ ነው ቤቱ የሚደርሰው።

ይህችን ግጥም ራሷ አወጣቻት፤ ከተማው ተቀበላት።

የሰባት ዓመት ልጇ ፀደይ የሚጥል በሽታ አለባት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ራሄል ጧትና ማታ የሚዋጥ ክኒን ሰጥታ፣ «የሚያሰክር ነገር እንዳትቀምስ» ብላ ነበር። ሐረግም ቃሏን ጠበቀች፤ ጠላ አስቀምሳት አታውቅም። ቅራሪ ብቻ። ቅራሪን መጠጥ ብሎ የሚጠራ ሰው በጋይንት ምድር ገና አልተወለደም።

አንድ አርብ መሪጌታ ፊልጶስ በሐረግ ጠላ ቤት የጾሙን መፍቻ ሰዓት በደጁ ጥላ እየለኩ፣ ዓይናቸው ከጋኑ ሳይነቀል ተቀምጠው ሳሉ፣ ፀደይ ከመደቡ ወደቀች። ተንቀጠቀጠች፤ አረፋ ደፈቀች። ቤቱ ታመሰ። ገበሬው ደጉ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት መጣ፤ አንዷ ጠጪ ጥርሷን በማንኪያ ልትፈለቅቅ ቃጣች፤ መሪጌታ ዳዊታቸውን ፍለጋ ጉያቸውን ቢዳብሱ እፍኝ ቆሎ ወጣ።

«ደጉ፣ ያቺን ክብሪት አጥፋ፤ አለዚያ ጢምህን ነው የምለኩስብህ» አለች ሐረግ። «አንቺም ማንኪያሽን ለወጥሽ አቆዪው።»

ልጇን በጎኗ አስተኛቻት፤ ነጠላዋን አጣጥፋ ከራሷ ሥር አኖረች፤ ራሄል እንዳስተማረቻት አፏን ሳትነካ ጠበቀች። «እዚሁ ነኝ፣ እናቴ፣ እዚሁ ነኝ» እያለች አንጎራጎረች። ግማሽ ዘፈን የማይሞላ ጊዜ ነበር፤ ለሐረግ ሙሉ ክረምት ሆነባት።

ፀደይ ስትነቃ አዝላት ጤና ጣቢያ ሄደች።

«ክኒኑን አቋርጣለች?» አለች ራሄል።

«አንድ ቀን አላሳለፍንም።»

«ዛሬ ምን ጠጣች?»

«ምንም። ጠምቷት ሁለት ጣሳ ቅራሪ ብቻ።»

ራሄል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እትዬ ሐረግ፣ ያንን ምርኩዝ የሚያስጥለውን?»

«እሱማ ግጥም ነው።»

«እሺ ይንገሩኝ፣ ግጥሙ ውሸት ነው?»

ውሸት ነው ብትል ጋኗ ሊዋረድ ነው፤ እውነት ነው ብትል ልጇን ማን እንደጣላት ሊታወቅ ነው።

«እውነት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ለማንም ልጅ አይሆንም፤ ለእሷ ደግሞ ይብሳል። ክኒኑ ያስተኛውን በሽታ እሱ ይቀሰቅሰዋል።»

በሚቀጥለው አርብ የጾሙ ሰዓት ደረሰ። መሪጌታ ቅራሪያቸውን ባርከው፣ እንደ ልማዳቸው ጣሳውን ወደ ፀደይ ዘረጉ። «ነይ ልጄ፣ ለበረከት ቅመሽ።» ሊቅ የዘረጋውን ጣሳ የመለሰች እናት በዚያ ቤት ታይታ አታውቅም። ሐረግ መሐል ገባች።

«አትቀምስም፣ አባቴ።»

«ቅራሪ እኮ ነው። ልጅ ሁሉ ይጠጣዋል።»

«የኔ ቅራሪ ያሰክራል። ይሄን ሁሉ ዘመን ስዘፍንልዎ አልሰሙም?» አለቻቸው። ድምፅዋንም ከፍ አደረገች፦

ጢም ያላበቀለ ከቤቴ አይቀምስም፣
ቢቆጡም አባቴ ቃሌ አይመለስም።

«እኛ ሴቶቹስ?» አለች ባለማንኪያዋ።

«አንቺማ አብቅለሻል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ መሪጌታም ሳይወዱ ጢማቸውን ዳበሱ። ሐረግ በሶ በውሃ በጥብጣ ለልጇ ሰጠቻትና፣ «በረከቱ የእርስዎ ከሆነ፣ ይሄንን ይባርኩላት» አለች።

ባረኩት። ከዚያም እሱንም ለበረከት ሊቀምሱ እጃቸውን ሲሰዱ፣ ፀደይ ጣሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቀፈች።

«ይሄ የልጅ ነው» አለቻቸው።