ዲ ያጠፋል፣ ዩ ይመልሳል

ይቺን የሳሙና ካርቶን እይልኝ እስቲ። ዛሬ ዕቃ ሳስተካክል ከሣጥን ሥር ወጣች። በእስክሪብቶ የሳልኩባት ኪቦርድ ደብዝዟል፤ የሳሙናው ሽታ ግን አሁንም አልለቀቃትም። ሳሸታት የዚያን ጊዜው እልህ ትዝ አለኝ።

ነገሩ የሆነው ንፋስ መውጫ ከተማ ኮምፒውተር ስማር ነው። ከወንዶቹ መሃል ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ዓርብ አሠልጣኙ ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ የሚታዘዝ የጽሑፍ ፕሮግራም ከፈተልን። ጥቁሩ ስክሪን ላይ እሱ የጻፋቸው ነጫጭ መስመሮች ነበሩ። "ስምሽን ጨምሪበት" አለኝ። ስሜ በእንግሊዝኛ ፊደል በዲ ይጀምራል። ዲን ብመታ ምንም የለም። ብደግመው አንድ መስመር ብን አለ። ደንግጬ ስደጋግመው ጽሑፉ በሙሉ አለቀ። ክፍሉ ሳቀ።

"አንቺ ወደ ምግብ ዝግጅት ብትሄጂ ይሻልሻል" አለ አሠልጣኙ፤ ወደ ወንዶቹም ዞረ። "ሰኞ በዚህ ጽፋ፣ አስቀምጣ መውጣት ካልቻለች እዚህ ክፍል እንዳትገባ።"

ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ገብቼ ትእዛዞቹን ከመጽሐፍ ስገለብጥ ጉዱን አየሁት። የጠፋውን ለመመለስ ዩ የምትለዋን ፊደል መምታት ይበቃ ነበር። እያወቀ ነው ዝም ያለው። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይሉ የለ? እኔ ያን ቀን ዋጥኩት።

ቅዳሜ ኪቦርዱን የሳልኩባትን ካርቶን ይዤ አባቴ ዘንድ፣ አገራችን ቤተ ልሔም ገባሁ። አባቴ የድጓ መምህር ነበሩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ተማሪ አንዲት ቃል ቢስት ግን በጆሯቸው ይይዙታል። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም።

"አባየ፣ ቃል ይስሙኝ" አልኳቸው።

ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው መቋሚያቸውን ያዙ። ጣቴን ካርቶኑ ላይ ከፊደል ፊደል እያስኬድኩ አነበነብኩላቸው። አይ ያስጽፋል። ኢስኬፕ ከጽሑፍ ያወጣል። ዲ ሁለቴ ያጠፋል። ዩ ይመልሳል። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቁኝም። አንዴ ሰምተው ያዙት፤ ከዚያ ስደናቀፍ መቋሚያው መሬቱን ይመታል።

"ከላይ ጀምሪ።"

እስከ እሑድ ቀትር እንዲህ ነበርን። አንዴ ብቻ "ዜማ የለውም እንጂ ቃሉስ አይከፋም" ብለው ሳቁ።

ሰኞ አሠልጣኙ ፊደሉ ተፍቆ ያለቀ ኪቦርድ ሰጠኝ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ጣቴ ቦታቸውን አውቋል። ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዲን ሁለቴ መታሁ፤ የእሱ መስመር ጠፋ።

"ይኸው፣ ደግሞ ጀመራት" አለ።

ዩን መታሁ፤ መስመሩ ተመለሰ። "ዓርብ ዕለትም እንዲህ ነበር የሚመለሰው፣ መምህር" አልኩት።

የሳቀ የለም። ስሜን ጻፍኩ፣ ከጎኑ የአባቴን ጨመርኩ፣ አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ ወንበሬን የነካብኝ የለም።

ዛሬ አሠልጣኟ እኔ ነኝ። ዩን የማስተምረው በመጀመሪያው ቀን ነው።

አባየ ካረፉ ቆዩ። ቅድም ካርቶኗን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ያንኑ ቃል ማነብነብ ጀመርኩ፤ መሃሉ ላይ ተደናቀፍኩ። ጣቴን አንስቼ ትንሽ ጠበቅሁ። የመቋሚያው ድምፅ የለም።

እኔው ከላይ ጀመርኩ።