«ነዋሪ የለም» ብዬ የጻፍኩበት ቤት

ባሕር ዳር ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ ነው፤ ከናዝሬት የመጣሁ ጀማሪ ቀያሽ ነበርኩ። በመጀመሪያው ቀን የክፍላችን ኃላፊ አቶ መኰንን አንድ ባለ ሃምሳ ሜትር መለኪያ፣ አንድ ጆንያ ችካልና አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም አስረክበው አስፈረሙኝ። ከዚያ እንደቆምኩ ሥራውን አስረዱኝ።

«እኛ እንለካለን። ሰውን የሚመዘግበው ቀበሌ ነው። ቤቱ ለሚፈርስበት ሰው ምትክ የሚሰጠው የቦታ ክፍል ነው። የመንግሥት ቤቶችን ቁልፍ የሚይዘው ደግሞ ሌላ መሥሪያ ቤት ነው። በሰው ሥራ አትግባ» አሉኝ።

ቀይ ቀለም ይዞ የሚዞር ሰው ወዳጅ የለውም። አጥር ላይ ምልክት ካደረግኩ ቤቱ እንደሚነካ ሁሉም ያውቃል። ሻይ ቤት ስገባ ወሬው ይቆማል። የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት፣ የወንድሟን አጥር ከቀባሁ ወዲህ ሰላምታዋ ራስ መነቅነቅ ብቻ ሆነ። እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ታንኳዎቹ ሲመጡና ሲሄዱ አይ ነበር። ለእናቴ የምጽፈው ደብዳቤ ከግማሽ ገጽ አያልፍም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በፍልሰታ ጾም፣ በሐይቁ ዳር ለሚወጣ መንገድ ቤት እየለካን ነበር። አንዲት አነስተኛ የጭቃ ቤት ተዘግታ አገኘኋት። ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ዝናብ መጣል ጀምሮ ቅጹ እየራሰብኝ ነበር። ጎረቤት ልጠይቅ አሰብኩና ፊታቸውን ማየት ሰለቸኝ። «ነዋሪ» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ብዬ ጽፌ ሄድኩ።

በመስከረም አንዲት መነኩሲት መቋሚያቸውን ይዘው ቢሮ መጡ። እማሆይ አስካለ ይባላሉ፤ ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ሲሞቱባቸው መነኮሱ።

«ቤቴን የለካኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እማሆይ።»

«ቀበሌ ሄድሁ፤ ስምዎ እኛ ዘንድ አለ፣ ቦታ የምንሰጠው ግን እኛ አይደለንም አሉኝ። ቦታ ሰጪዎቹ ዘንድ ሄድሁ፤ ቀያሹ ነዋሪ የለም ብሏል አሉኝ። ካንተስ ወዴት ልሂድ?»

«ስመጣ ቤት አልነበሩም።»

«አልነበርሁም። ደሴቱ ገዳም ሱባኤ ገብቼ ነበር። ጎረቤት ጠይቀሃል?»

«አልጠየቅኩም።»

አልተቆጡም። ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

አቶ መኰንን ዘንድ ገባሁ። ነገሩን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ተሳስቻለሁ ብለህ ከጻፍክ ማስጠንቀቂያ በፋይልህ ይገባል፤ የዘንድሮ ዕድገትህም ይቀራል። ዝም በል። አቤቱታ ያቅርቡ፤ ኮሚቴ ያየዋል።»

«ቤቱ የሚፈርሰው በሁለት ሳምንት ነው። ኮሚቴው እስከዚያ አይሰበሰብም።»

«እሱ የእኛ ሥራ አይደለም።»

ወንበሬ ላይ ተመልሼ ብዙ ተቀመጥኩ። ያን ዕድገት ለእናቴ ነግሬያት ነበር። በመጨረሻ «ሳልጠይቅ ነዋሪ የለም ብዬ የሞላሁት ቅጽ ስሕተት ነው» ብዬ ጻፍኩና በሦስት ቅጂ ፈረምኩበት። ደብዳቤውን ለተላላኪ አልሰጠሁትም፤ ራሴ ይዤ ዞርኩ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ጓድ ቀያሽ፣ ተሳስቻለሁ የሚል ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ሲመጣልኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው» አለና እማሆይ ነዋሪ መሆናቸውን ጽፎ ማኅተሙን አሳረፈበት። ያን ወረቀት አያይዤ ለቦታ ክፍል ሰጠሁ። በዘጠነኛው ቀን ምትክ ቦታ ዓባይ ማዶ ተፈቀደላቸው።

የሐይቁ ዳር ቤት መፍረሱ አልቀረም። ቆርቆሮው ሲወርድ እማሆይ ዳዊታቸውን በማኅደሩ አንግተው ቆመው አዩ።

የዓባይ ማዶውን ቦታ የለካሁት እኔ ነኝ። አራተኛውን ችካል ስመታ እማሆይ መሐሉ ላይ ቆመው ነበር።

«ሐይቁ ከዚህ ይታያል?» አሉኝ።

«አይታይም፣ እማሆይ።»

«ይሁን። የክርስትና ስምህ ማነው?»

ባሕር ዳር ከገባሁ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለሁሉም «ቀያሹ» ነበርኩ። «ኃይለ ሚካኤል» አልኳቸው።

«በጸሎቴ አስብሃለሁ» አሉኝና ችካሎቹን ሊያዩ ሄዱ።

ማስጠንቀቂያው ፋይሌ ውስጥ ገባ፤ ዕድገቱም ቀረ። ከእኔ ደብዳቤ በኋላ የሁሉም ቀያሽ ቅጽ እንደገና እንዲታይ ታዘዘ፤ ባልደረቦቼም ምሳ አብረውኝ መብላት ተዉ። ይህ ወደ ሁለት ዓመት ቆየ። ብቻዬን በላሁ፤ ሥራዬን ሠራሁ። እማሆይን ዳግም አላገኘኋቸውም።

ለእናንተ ለአዲስ ቀያሾች የምላችሁ ይህ ነው፦ ቤት ተዘግቶ ካገኛችሁ ጎረቤት ጠይቁ። ጎረቤት ካልመለሰ ሌላ ቀን ተመለሱ። እስከዚያው «ነዋሪ» የሚለውን መስመር ባዶ ተዉት።